ለቩኒታቮላ አንዲት ገጽ

ኖቬምበር 4፣ ሰኞ

እኔ ነኝ የምጽፈው። ሌላ ማንም አይደለም፣ እኔ። ዛሬ በመንደሩ ስብሰባ ላይ ሹማችን ኢሶአ በሰው ሁሉ ፊት «ገጿን ቪሊማይና ትጻፋት» አለ፤ ሽማግሌዎቹም ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ፤ አለቀ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። እንዴት ነሽ ደብተሬ? ሰላምታውን ረስቼው። ከሣጥን ነው ያወጣሁሽ። ግማሽሽ የሴቶች ማኅበር የቤተ ክርስቲያን ጠራጊዎች ተራ ነው፤ የቀረው ባዶ ነው፤ ባዶውን እኔ እሞላዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሩ መንደራችንን ቩኒታቮላን እየበላት መሆኑን የማያውቅ የለም። ሁለት መሐንዲሶች ከዋና ከተማው ከሱቫ መጥተው አስራ ሰባት ቀን ሲለኩ ሰንብተው ዘጠና ስድስት ገጽ ጽፈዋል። አሁን አንድ የማዛወሪያ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ካመለከቱት አስራ አንድ መንደሮች ሦስቱን ወደ ከፍታ ቦታ ያወጣል። ሦስቱን ብቻ። እያንዳንዱ መንደር ከጥናቱ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ገጽ ማጠቃለያ ራሱ ጽፎ እስከ ጃንዋሪ 10 ማስገባት አለበት። ኢሶአ ላምባሳ ከተማ ሰምቶ እንደመጣው ከሆነ የኮሚቴው ሰዎች የሚያነቡት እሷኑ ነው።

«ዘጠና ስድስቱንስ?» አለ ባለቤቴ ሴሚ።

«እሱን ነፋስ በሩን እንዳይዘጋባቸው ይደግፉበታል» አለ ኢሶአ።

ሴሚና ኢሶአ የወንድምና የእህት ልጆች ናቸው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያሉ ዘመዳሞች ካልተሰዳደቡ አንዳቸው ታሟል ይባላል።

«አንድ ገጽ ለእኔ ሚስት?» አለ ሴሚ። «እሷ እኮ ዶሮ ለመጥራት ሁለት ገጽ ትፈልጋለች።»

«አንተን ለማግባትም አንድ ቃል በቅቷታል፤ እሱም ስሕተት ነበር» አለው ኢሶአ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ሁለተኛ ደረጃን እስከ ስድስተኛ ፎርም የተማርኩት እኔ ነኝ፤ በድርሰት ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው እንጂ።

ለባሕሩ የቀረበው ቤት የአማቴ የቡቡ ሊቲያና ነው። ደረጃው አምስት ነው። ዛሬ ውኃው አንደኛው ላይ ነበር። ልማዱ ነው።

ኖቬምበር 5፣ ማክሰኞ

ጀመርኩ። ሦስት ገጽ ሆነልኝ። ገና የአለቃችንን የማዕረግ ስሞች ነው የጻፍኩት።

ኖቬምበር 9፣ ቅዳሜ

ቦኖው ጋ ውኃ ስቀዳ ከጀርባዬ ሰማሁ። «ለቪሊማይና ምላሷን እንጂ ብዕሯን ማን አየ?» ጎረቤታችን ማሬታ ናት። እኔም ሳቅሁ፤ ባልዲው ሞልቶ እግሬ ላይ እስኪፈስ ድረስ ሳቅሁ። ውኃው አሁንም ጨው ጨው ይላል። ለሻይ ስኳር ጨመር ካደረጉበት አይታወቅም።

ኖቬምበር 20፣ ረቡዕ፣ ላምባሳ

ሥልጠና ላይ ነኝ። ከየመንደሩ አንድ አንድ ሰው ተጠርተን ስለ ማጠቃለያ አጻጻፍ ለሦስት ቀን እየተማርን ነው። የማድረው የእህቴ ልጅ ቤት ነው፤ ሁሉም ስለተኛ ዛሬ እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

የምታስተምረን ወይዘሮ ላታ ትባላለች፤ ቀጭን፣ አጭር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሕንዳዊት ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ስታነብ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። «አንባቢያችሁን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት» ትላለች። «ቆሞ ነው የሚያነባችሁ። ቦርሳው ትከሻው ላይ ነው። ምሳው አምልጦታል። ይህን ሰው በሦስት መስመር ካላስቀመጣችሁት ሄዷል።»

ከዚያ ጨዋታ አጫወተችን። ወንበር ደርድራ አውቶቡስ ሠራች። አንድ የመንግሥት ሹም መስኮቱ ጋ ተቀምጧል፤ አውቶቡሱ ሊነሳ ነው፤ የምትፈልገውን ተናገር። ከማኩአታ ዳር የመጣው ጎረምሳ «ድልድይ!» ብሎ ጮኸና አለፈ። ተራዬ ደረሰ። ዝቅ ብዬ በወጉ ጀመርኩ፤ ለሹሙ፣ ለሹሙ አባቶች፣ ለወጣበት ምድር...

«አውቶቡሱ ሄደ» አለች ወይዘሮ ላታ።

«ገና ሰላምታ ላይ ነኝ እኮ።»

«ሳቩሳቩ ከተማ ደርሷል፤ እሱ አሁን ዓሣና ድንች እየበላ ነው። እህቴ፣ ሰዎችሽ ግን ውኃ ውስጥ ናቸው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም። ደስ የምትል ሴት ናት።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቴን አየችልኝ። አሁን አራት ገጽ ሆኗል። አገላበጠችው። «የምትጠይቁት ነገር የቱ ጋ ነው?»

«አራተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ።»

«አራተኛውን ማን ሊያየው?»

ቀዩን ብዕር አውጥታ አንድ ቦታ ላይ ከበበችበት፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ። «መንደራችን ትንሽ ናት፣ ችግራችንም ከሌሎች አይበልጥም» የሚለው ላይ ነው። «ይህ ምንድን ነው? እውነት ነው?»

«አይደለም» አልኳት። «አክብሮት ነው። እኛ ለአለቃ ስጦታ ስናቀርብ፣ በግቢው ውስጥ ትልቁን አሳማ አርደን፣ አስር ምንጣፍ አንጥፈን፣ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘን፣ ‹ይህች ኢምንት ነገር› ነው የምንለው። ሰሚው ኢምንት እንዳልሆነች ያያል። ከፍ አድርጎ የሚጠራት እሱ ነው። ስንጠይቅም እንደዚያው ነው። ራሱን ከፍ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው ያልተቀጣ ነው።»

ወይዘሮ ላታ መነጽሯን አወለቀች። «አውቃለሁ፤ እዚሁ ነው የተወለድኩት። ግን የዚህኛው ሰሚ ዓይን አሳማውን አያየውም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ትንሽ ነው ካልሽው፣ ‹ትንሽ› ብሎ ይጽፋል። ሠላሳ ዓመት እኔ ራሴ እንደዚያ ስጽፍ ነው የኖርኩት።» ይህን ስትል አላየችኝም።

ከዚያ ስትሰናበተኝ፣ ሁልጊዜ ራስሽን ጠይቂ አለችኝ፤ ምን ትፈልጋላችሁ፣ ለምን፣ በምን ታውቃላችሁ፣ ካልሆነስ ምን ይሆናል። የመጨረሻው አስጨንቆኛል። ካልሆነስ።

ዲሴምበር 3፣ ማክሰኞ

አንድ ገጽ ሆነች። አንድ! ሴሚ ተጋድሞ ሳለ አነበብኩለት።

«የቩኒታቮላ ሁለት መቶ አስራ አራት ነዋሪዎች ከሚቀጥለው የማዕበል ወቅት በፊት ወደ ናሳሉ ጉብታ እንዲዛወሩ ይጠይቃሉ። ባሕሩ በአስራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሃያ ሦስት ሜትር መሬት ወስዷል። ጉድጓዶቻችን ጨው ሆነዋል። ጉብታው የራሳችን መሬት ነው።» እያለ ይሄዳል። መጨረሻው «በዚህ ከቀጠለ ሰው ይሞታል» ነው። ያቺን መስመር ለመጻፍ ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ከአፌ ወጥታ ጆሮዬ ስትገባ ሞትን የጠራሁ መሰለኝ።

ሴሚ ጣራ ጣራውን አየ። ሴሚ ጣራ ሲያይ አልወድም።

«ምነው?»

«ምንም። ጎበዝ ነሽ። ብቻ... ሽርጧን፣ ሱሉዋን ሳታገለድም አደባባይ የወጣች ሴት ትመስላለች።»

ዲሴምበር 7፣ ቅዳሜ

በስብሰባ አነበብኳት። ማንም አላጨበጨበም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ድምፁን ሳይቀንስ «ይህችን ማን ነው ያሳደጋት?» አለ። እናቴ ከሞተች አስር ዓመቷ ነው።

አለቃችን ራቱ ኢላይቲያ ወረቀቷን ከእጄ ተቀብለው አዩዋት። ከዚያ «ልጄ፣ ወረቀትሽ ቤት የገባው ሳያጎነብስ ነው» አሉ። ወደ ሰው ቤት ቀጥ ብሎ የሚገባ በእኛ ዘንድ የለም። ፊቴ ነደደ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ «ነገር ግን የሚያነቡት ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ የተማርሽው አንቺ ነሽ። እንዳልሽው ትሂድ። ከእንግዲህ ማንም አይነካካት።»

እና ተፈቀደ! ራቱ ራሳቸው ፈቀዱ። ደስ ብሎኛል። ለምን እንዳላጨበጨቡ አይገባኝም እንጂ ደስ ብሎኛል።

ዲሴምበር 27፣ ዓርብ

ገና በሰላም አለፈ። ሎቮው፣ የጉድጓድ ምድጃችን፣ ጥሩ ነበር፤ አሳማው በደንብ በስሎ ወጣ። ጎደሬው ግን ውስጡ ውኃ ውኃ ይላል፣ ጨው ገብቶበታል፤ ካሳቫውን ከላይ መንደር አመጡልን።

በማግስቱ ባሕሩ ሦስተኛው ደረጃ ደረሰ። የሴሚ አባት መቃብርም ሄደ። ሄደ ማለት፣ ሲሚንቶው አለ፤ አሸዋው ነው የሄደው። ቡቡ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታየው ነበር።

«ቪሊ።»

«ወይ ቡቡ።»

«በዚያች ገጽሽ ላይ እኔን የት አገባሽኝ?»

«ቁጥሩ ውስጥ አሉ ቡቡ። ሁለት መቶ አስራ አራት።»

«የትኛዋ ነኝ?»

ለቀልድ ያህል «የመጀመሪያዋ» አልኳት። አልሳቀችም። «እሱንስ ቆጠርሽው?» አለች፤ በአገጯ ወደ መቃብሩ እያመለከተች። የሞተ ሰው አይቆጠርም አልኳት። ይህን እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት።

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ፣ ላምባሳ

ገባች! ማኅተም ተመታባት። ጸሐፊው ፈገግታ የለውም እንጂ መጥፎ ሰው አይመስልም።

እንዲህ ሆነ። ማተሚያ ቤቱ ገብቼ ልጅቷ ገጿን በኮምፒዩተር ስትጽፍልኝ ከጎኗ ቆሜ አያታለሁ። ስትጨርስ «እማማ፣ ይኸው፣ ይመልከቱት» አለችኝ። አየሁት። ነጭ ወረቀት ላይ «ይጠይቃሉ» ከሁሉ በላይ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ራቁቱን። ራቱ ኢላይቲያ ያሉት ጆሮዬ ላይ መጣ። ሳያጎነብስ። እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ይህን ሲያዩ ቩኒታቮላ ውስጥ ሰው የለም ወይ አይሉም? እናቴ ብትሆን ምን ትላለች? አስቤ አስቤ፣ ሁለት መስመር ጨምሪልኝ አልኳት፤ ከሁሉ ፊት። «በተከበረው ኮሚቴ እግር ሥር ዝቅ ብለን እንቀርባለን። መንደራችን ትንሽ ናት፤ ችግራችንም ከሌሎቹ መንደሮች ችግር የሚበልጥ አይደለም።»

«ከአንድ ገጽ አለፈ» አለች ልጅቷ። «ከታች አንድ መስመር ይውጣ?»

ከታች ያለው «ሰው ይሞታል» የሚለው ነው። ደግሞም ክፉ ቃል ነው፤ ሟርት ነው። ይውጣ አልኳት።

አሁን ያምራል። እውነት ያምራል። ወረቀቱ ጎንበስ ብሎ ገባ። ለሴሚ ዓሣ በጣሳ ገዛሁለት።

ጃንዋሪ 10፣ ዓርብ

ለሴሚ አልነገርኩትም። ምን የሚነገር አለው፣ ሁለት መስመር ነው።

ጃንዋሪ 11

ሦስት ነው። አንዱ ወጥቷል።

ጃንዋሪ 23፣ ሐሙስ

ነፋስ። ሁለት ቀን ሙሉ። ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ነው ያደርነው። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። አራተኛው ደረጃ። የቡቡ ወለል ሥር ሸርጣን ገብቷል። ቡቡን ወደ እኛ ቤት አመጣናት፤ እኔና ሴሚ ሳሎን ነን። ደስ ይላል፤ ቤት ሞላ። ካሳቫው ቢጫ ሆኗል።

ፌብሩዋሪ 4፣ ማክሰኞ

ወይዘሮ ላታ ስልክ ደወለች፤ እንዴት ደግ ሴት ናት። የመንደሮቹን ገጾች ለሌሎች ሠልጣኞች ማሳያ እየሰበሰበች ነው።

«ያንቺን ላኪልኝ። ያቺ ‹ሰው ይሞታል› የምትለዋን ለልጆቹ ማሳየት እፈልጋለሁ። የቀረበልኝ ምርጥ መጨረሻ እሷ ናት።»

ቅጂ አላስቀረሁም አልኳት።

ቅጂው እዚህ አንቺ ውስጥ ነው፤ በዚህ ገጽና በሚቀጥለው መካከል። አሁንም አወጣሁት፤ አየሁት፤ መለስኩት። ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግራት ነበር፤ አልጠየቀችኝም።

ፌብሩዋሪ 19፣ ረቡዕ

ደብዳቤው መጣ። ኢሶአ ሳይከፍት አመጣልኝ፤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ። ነገ ስብሰባ ነው። አነበብኩት። ጥሩ ነገር አለው።

ፌብሩዋሪ 20፣ ሐሙስ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነው። አስራ አንዱን መንደር በሦስት ምድብ ከፍለውታል። አንደኛው ምድብ፣ የሚዛወሩ፤ ሦስት መንደሮች። ሁለተኛው ምድብ፣ ግንብ የሚሠራላቸው። ሦስተኛው ምድብ፣ «በክትትል የሚቆዩ»። እኛ ሦስተኛው ውስጥ ነን። ጉዳያችን እንደገና የሚታየው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያው በባሕሩ ዳር የውኃውን ከፍታ የሚለካ ምሰሶ ይተከልልናል።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ምክንያቱ አለ። «አመልካቾቹ ራሳቸው በማጠቃለያቸው መግቢያ እንደገለጹት ችግሩ ከሌሎቹ መንደሮች የሚበልጥ ባለመሆኑ፣ በሰው ሕይወት ላይ የተቃረበ አደጋም ስላልተጠቀሰ» ይላል። አራት ጊዜ አነበብኩት። በጥሩ እንግሊዝኛ ነው የተጻፈው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በመስኮት ያያሉ። ኢሶአ ደብዳቤውን ከእጄ ወስዶ ለሰው አሳየና በሁለት እጁ መለሰልኝ። «ቪሊ፣ አንብቢልን።»

«ረጅም ነው» አልኩ።

«አንቺ አይደለሽ ማጠቃለል የተማርሽው?» አለ ሴሚ። «አጠቃልይልን።» ሰው ሳቀ። ሴሚ ኮራ ብሎ ነበር የተቀመጠው፤ ከዲሴምበር ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

ሰው ሁሉ አፌን እያየ ነው። ማሬታም። ራቱ ኢላይቲያም። ያን ጊዜ በሦስት መስመር አልኩት፤ «ማመልከቻችንን አይተውታል። መንደራችን በመዝገባቸው ውስጥ ገብታለች። ማርች 14 ሰዎቻቸው መጥተው በባሕሩ ዳር ምሰሶ ይተክላሉ።» አንዱም ውሸት የለበትም። አንዱም።

«የመዛወሩ መጀመሪያ ነው ማለት ነው?» አለች ማሬታ።

ሴሚን አየሁት።

«መጀመሪያ ነው» አልኩ።

አጨበጨቡ። ሦስቴ አይደለም፤ መቁጠር እስኪያቅተኝ። ራቱ ኢላይቲያ አለቀሱ። ያ «ማን አሳደጋት» ያለው ሽማግሌ አጠገቤ መጥቶ እጄን ያዘኝ። ማሬታ አቀፈችኝ፤ «ይቅር በዪኝ፣ ስለ ምላስሽ ያልኩትን» አለችኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ደስ ብሎኛል ብዬ እጽፋለሁ፤ ደስ ብሎኛልና።

ነገ እነግራቸዋለሁ። ሁለተኛውን ገጽ።

ፌብሩዋሪ 22

ሰንበት ይለፍ።

ፌብሩዋሪ 27፣ ሐሙስ

ሴሚና ወንድሞቹ የቡቡን ቤት እያፈረሱት ነው። ሳንቃው ሳይበሰብስ ወደ ጉብታው እናውጣው፣ ለአዲሱ ቤት ይሆናል ብለው። ሦስት ቀን ሲሸከሙ ሰነበቱ። ኢሶአም ረዳቸው። «ይህችን ሳንቃ ለአንተ ሬሳ ሣጥን ብናስቀራት» ይለዋል ሴሚን፤ «ያንተ ሆድ አይገባባትም እንጂ እሰጥህ ነበር» ይለዋል ሴሚ። ከስር ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ሌሎቹም አይተው ጀመሩ። የማሬታ ባል ጣራውን አውርዷል። ወንዶቹ በየቅዳሜው የሚጠግኑትን የድንጋይ ግንብ ትተውታል፤ ለአንድ ወር ማን ይለፋል እያሉ።

ዛሬ ለሴሚ ልነግረው ምሳ ይዤለት ጉብታው ወጣሁ። ላቡን ጠርጎ «እዚህ ጋ ማድ ቤትሽ ይሆናል፤ ንፋሱን ተመልከች» አለኝ። ንፋሱ ጥሩ ነው። ምሳውን ሰጥቼው ወረድኩ።

ሰነፍ። ፈሪ። ይኼው፣ ጻፍኩት።

ማርች 4፣ ማክሰኞ

ቡቡ ጠራችኝ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ምንጣፍ እየሠራች ነበር፤ ለክብር እንግዶቹ መቀመጫ።

«ያንን ደብዳቤ አምጪና አንብቢልኝ። ሙሉውን።»

«ነገርኳችሁ እኮ ቡቡ።»

«እንዳልሽው ሰምቻለሁ። ቪሊ፣ ከልጄ ጋር ከተጋባሽ ሃያ ስምንት ዓመት ነው። ውኃ ቀድተሽ ስትመጪ እንኳ የመንገዱን ታሪክ ትነግሪኛለሽ። አንድም ቀን አሳጥረሽ አታውቂም። ያን ቀን በሦስት መስመር ስትጨርሺ ፈራሁ።»

አመጣሁት። አነበብኩላት፤ በእኛ ቋንቋ፣ ቃል በቃል፣ ሁለተኛውንም ገጽ። «አመልካቾቹ ራሳቸው» የሚለው ጋ ስደርስ መለስ ብዬ ደገምኩት፤ ቀጠልኩ። ማተሚያ ቤት ያደረግሁትንም ነገርኳት። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው መናገሬ ነው።

ቅጠሉን መጎንጎኗን ቀጠለች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። «ጥሩ ሴት ልጅ የምታደርገውን ነው ያደረግሽው» አለች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ምን ላድርግ ቡቡ?»

«ቤቴን አፍርሰዋል፤ እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች። ከዚያ «ይህን ጫፍ ያዢልኝ» አለችኝና ያዝኩላት። እስኪመሽ ሠራን። ምንም አላወራንም። እኔ፣ ምንም።

ማርች 7፣ ዓርብ

ግንቡ የተሰበረበት በኩል ውኃው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ገባ። ቀላል ነው፣ ቁርጭምጭሚት። ልጆቹ ሲጫወቱበት ዋሉ።

ማርች 9፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ኢሶአ ስልኩን ይዞ መጣ። ከላምባሳ ነው፤ ምሰሶውን ሊተክል የሚመጣው ሹም። ትሑት ድምፅ ያለው ወጣት ነው፤ ከታቬዩኒ ደሴት ነኝ አለኝ። ሁሉን ካቀናጀን በኋላ፣ «እማማ፣ ከሥነ ሥርዓቱ በፊት የኮሚቴውን ውሳኔ በቋንቋችን ለሕዝቡ አነባለሁ፤ ምክንያቱን ጨምሮ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው የሚለው። የመንደሩ ሰው በሙሉ መገኘት አለበት» አለኝ።

«ሁለቱንም ገጽ?» አልኩት።

«ሁለቱንም ገጽ።»

«ይገኛል» አልኩት። «ሁሉም ይገኛል።»

ኢሶአ «ምን አለ?» ሲለኝ «ንግግር ያደርጋል» አልኩት። በጣም ደስ አለው። እንግዲያው ጥሪውን አንቺው ጻፊልን አለኝ፤ ለላይ መንደሮች፣ ላምባሳ ላሉ ልጆቻችን፣ በሬዲዮም እንዲነገር። ከሰዓት ተቀምጬ ጻፍኩት። ቶሎ ነው የጨረስኩት፤ አንድ መስመር እንኳ አልሰረዝኩም። ከዚህ በፊት ወይዘሮ ላታንም ልጥራት ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ጠራኋት፤ መጨረሻ ረድፍ ላይ ሆና ትስማ። አሳማ ሁለት ይታረዳል። ሎቮው ሐሙስ ማታ ይቆፈራል። ያንጎናውን፣ ለእንግዳ የሚቀዳውን መጠጥ፣ የማሬታ ባል ያመጣል፤ የቡቡ ምንጣፍ አልቋል፤ እንግዳው እሱ ላይ ነው የሚቀመጠው። እኔ ከፊት ነኝ፤ ኢሶአ አጠገቡ ሁኚ ብሎኛል፤ ገጿን የጻፍሽው አንቺ ነሽና ይመርቅሽ ብሎ።

ጥሪው እንዲህ ይላል። በቩኒታቮላ የተወለዳችሁ፣ ያገባችሁ፣ የተዋለዳችሁ ሁሉ፣ ዓርብ ማርች 14፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በባሕሩ ዳር ለደስታችን ተሰብሰቡ። ሽማግሌዎች ይምጡ፣ ሕፃናትም ይምጡ፣ የታመመም ቢሆን ተሸክማችሁ አምጡት። ዓርብ ነው፤ ማንም እንዳይቀር።